ኮሶና እንዶድ፦ ዕፅ መቼ ነው መድኃኒት የሚሆነው?

[ምስል፦ የደረቀ የኮሶ አበባ በእጅ ሲፈረካከስ]

ይሄ የሴቴ ኮሶ አበባ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። በጣም ይመራል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ለዘመናት የኮሶ ትል ዋና ማስወጫ እሱ ነበር። ድሮ በደጋው ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም። እንግዳም አይቀበልም።

ዛሬ ግን የኮሶ ትል ያስቸገረው ሰው ፋርማሲ ሄዶ ኪኒን ይገዛል። ኮሶ ስለማይሠራ ነው? አይደለም። ይሠራል። ታዲያ ምን ጎድሎት ተተካ? በዚህ ቪዲዮ የምናየው ይሄንን ነው። ከኮሶ ጎን ሌላ በደንብ የምታውቁትን ተክል እናነሳለን፣ እንዶድን። የሁለቱን ተክሎች ቦታ የወሰደው አንድ የጀርመን ፋብሪካ ኬሚካል ነው። እንዴት እንደሆነ እንየው። ዓመቶቹን የምጠራው በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

[ምስል፦ በደጋ ተራራ ላይ የቆመ የኮሶ ዛፍ]

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ሴቴውና ወንዴው ለየብቻ ይበቅላሉ። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ የሚለው የሴቴው አበባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተጉዟል፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ያኔ የኮሶ ትልን በሚገባ የሚያስወጣ ነገር ብዙ አልነበረም።

አበባው ውስጥ እነ ኮሶቶክሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ትሉን የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው።

አንዲት እናት ለልጇ ኮሶ ስታዘጋጅ በእፍኟ ትለካለች እንበል። አበባው ዘንድሮ የተለቀመ ነው ወይስ ከርሞ የቆየ? ሲቆይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ወንዴ ተቀላቅሎበታል? ዛፉ የበቀለው የት ነው? ይሄ ሁሉ በእፍኝ አይታወቅም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ጠጥተው የአንዱ ትል ጭራሽ ላይወጣ፣ ሌላው ደግሞ ሊመረዝ ይችላል። ትሉ ያልወጣለት ሰውዬ ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ጊዜ ጨመር አድርጎ ይጠጣል።

ሲበዛ ደግሞ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ሰውነት ይዝላል። ከዚህ የባሰም አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች የሚያብራራ ጽሑፍ ወጥቷል። የሚጎዳው ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው ነርቭ ነው። ዕይታ ሊጠፋ ይችላል። ነፍሰ ጡርም ኮሶ መጠጣት የለባትም፤ ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል።

ፋርማኮሎጂስቶች አንድን መድኃኒት ሲያጠኑ ሁለት ቁጥር አጥብቀው ይፈልጋሉ። አንዱ የሚያድነው መጠን ነው። ሁለተኛው መጉዳት የሚጀምርበት መጠን ነው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ታካሚው ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ምንም አይሆንም። ከተጠጋጉ ግን ትንሿ ስህተት ዋጋ ታስከፍላለች። ኮሶ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹ ይጠጋጋሉ፣ መለኪያው ደግሞ እፍኝ ነው።

[ምስል፦ አራት ኪኒኖች በመዳፍ ላይ]

በ1950ዎቹ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ያፈላልጉ ነበር። ኒክሎሳማይድ የተባለውን ኬሚካል አገኙ። ቆየት ብሎ የኮሶ ትልንም እንደሚገድል ታወቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሰው መድኃኒት ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትሉ ኃይል የሚያመነጭበትን ሂደት ያቋርጥበታል። ትሉ አቅም አጥቶ ይሞታል። የእኛስ ሰውነት? የእኛም ሕዋሳት ኃይል የሚያመነጩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ታዲያ ለምን አንጎዳም? ኒክሎሳማይድ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ ነው። ትሉ ያለበት ቦታ ላይ ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ አብዛኛው በሰገራ ይወጣል። ለአዋቂ ሰው አራት ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። በደንብ ታኝኮ ይዋጣል። አለቀ። አዲስ አበባም ተገዛ ጎንደር፣ በትክክል እስከተመረተ ድረስ ልኩ ያው ነው።

ኮሶ የተሸነፈው በዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ሽንፈቱ ተገቢ ነበር እላለሁ። የአገር ቅርስ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ለዓይነ ስውርነት በሚያጋልጥ መጠን ማከም ሌላ ነው።

የእንዶድ ታሪክ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

[ምስል፦ የእንዶድ ፍሬ፣ ቀጥሎ አረፋው]

1964፣ አድዋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ናቸው። የሚያጠኑት ቢልሃርዚያን ነው። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ደም ሥር ውስጥ ይኖራል፣ እንቁላሉ ጉበትንና አንጀትን ያውካል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መተላለፊያ የለውም።

ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ ነጠላና ጋቢ እንዴት እንደሚያነጣ እናቶቻችን ያውቁታል። ዶክተር አክሊሉ ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ። ሌላው ቦታ ያሉት ደኅና ናቸው። አንዷን ሴት ከእንዶዱ አረፋ ትንሽ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። የጨመረችው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች የተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ።

ቤተ ሙከራው ከዚህ በኋላ መጣ። የእንዶድን አረፋ የሚያመጡት ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቀንድ አውጣውንም የሚገድሉት እነሱ ናቸው። ዋናው በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ ወጣ፣ በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ። አንድ ደስ የሚል ጠባይም አለው። ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል፣ እንደ አንዳንድ ፀረ ተባይ ለዓመታት አይቆይም። ግን አሳም ይገድላል። ይሄ መደበቅ የሌለበት ጉድለቱ ነው።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ተሞከረ። ወንዞቹ በየጊዜው በእንዶድ ተረጩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል ቢልሃርዚያ ያለባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ለምን ሕፃናቱን መረጡ? በእነሱ ላይ የሚታየው ኢንፌክሽን አዲስ ስለሆነ ነው። ትልልቆቹ ከድሮ የያዛቸውን ትል ተሸክመው ይኖራሉ። በትንንሾቹ ላይ ቁጥሩ ወረደ ማለት መተላለፉ ራሱ ተቀነሰ ማለት ነው።

ታዲያ እንዶድ ለምን ዓለምን አላዳረሰም?

[ምስል፦ የድሮ የመድኃኒት ማሸጊያዎች]

መልሱን ለመረዳት ለአፍታ ወደ ጀርመን እንመለስ። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት ወጣ። ለእንቅልፍ ነው ተባለ፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። አሜሪካ በአብዛኛው የተረፈችው ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ የመንግሥት መርማሪ "የደኅንነቱ ማስረጃ አልበቃኝም" ብለው ፈቃድ ስለከለከሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ማንኛውም አዲስ ነገር እንስሳ ላይ፣ ከዚያም ሰው ላይ ደረጃ በደረጃ መፈተሽ አለበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የመርዛማነት ምርመራው ራሱ መስፈርት ባሟላ ቤተ ሙከራ እንዲሠራ ተደነገገ። የአድዋው ሥራ በዚያ ጊዜ አልቋል። እንዶድም እንደ አዲስ በዚህ ወንፊት እለፍ ተባለ።

እንዲህ ያለ ምርመራ እጅግ ውድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም፣ ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም የሚጠራው፣ ያን ገንዘብ ከየት ያምጣ? አንድ ኩባንያ ኬሚካሉን አስመርምሮ ወጪውን ከሽያጭ ይመልሳል። በየአጥሩ የሚበቅልን ተክል ማን ገንዘብ አውጥቶ ያስመረምራል? ምርመራው በካናዳ የልማት ምርምር ድጋፍ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ዓይን እንደሚቆጠቁጥና ዓሳ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ ለታሰበለት አገልግሎት ግን የሚያሳግድ ነገር አልተገኘበትም። በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ለወንዝ የሚታዘዘው የቀንድ አውጣ መድኃኒት የቱ ነበር? ኒክሎሳማይድ። ያው ኮሶን የተካው ኬሚካል።

ስለዚህ ሁለቱ ተክሎች በአንድ ተፎካካሪ ቢበለጡም ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ኮሶ ጎጂ ሆኖ ተገኘና ቀረ። እንዶድ ግን የቀረው መርማሪ አጥቶ ነው። የደኅንነት ምርመራ መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ታሊዶማይድን ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። ጥፋቱ ፈተናውን ያዘዙት ሰዎች ወጪውን አቅም በሌለው ተቋም ጫንቃ ላይ መጣላቸው ነው። ይሄ አሁንም ያናድደኛል። በእነዚያ ዓመታት መዳን ይችሉ የነበሩ ልጆች ወንዝ ወርደዋልና።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል]

ይሄ ሁሉ የቤታችንም ጉዳይ ነው። ወንዝ ላይ ተፈተነ ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም። እንዶድ ጠጥተው ፅንስ ለማስወረድ የሚሞክሩ አሉ። አደገኛ መርዝ ነው፣ ሊገድል ይችላል። በእብድ ውሻ ለተነከሰ ሰው የእንዶድ ሥር የሚያጠጡም አሉ። እባካችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ቢባል ይቀላል። የተነከሰውን ቦታ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ለክትባት ሩጡ። በየቤቱ የሚጠጣ ሌላም ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቆጣል ብሎ ይደብቃል። ሐኪሙ ካላወቀ ግን ጉበታችሁ ለምን እንደታመመ ሲፈልግ ይውላል። ፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት ያልተጠበቀ ነገር ካመጣባችሁም ተናገሩ። ባለሙያው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ማድረግ ይችላል። መድኃኒት ገበያ ላይ ከዋለ በኋላም ምርመራው አያልቅም። ከሺህ አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚከሰት ጉዳት የሚታወቀው ሰው ሲናገር ነው።

[ምስል፦ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ትንሽ ኪኒን]

አዲሱ ሕክምናስ የት ደረሰ? በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ ፕራዚኳንቴል ተገኘ። ቢልሃርዚያንም የኮሶ ትልንም ያክማል። የትሉን ካልሲየም ያዛባል፣ ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀራል። የጀርመኑ ሜርክ ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ ለተማሪዎች እንዲታደል በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። የተማሪ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የወሰዱት ትልቁ ኪኒን እሱ ሊሆን ይችላል።

ትልቅና መራራ ነው። ለሕፃን አይመችም። ፕራዚኳንቴል የሁለት ቅርጾች ድብልቅ ነው። እንደ ግራና ቀኝ እጅ ይመሳሰላሉ፣ ግን አይገጥሙም። ትሉን የሚገድለው አንደኛው ነው። ሌላው ኪኒኑን ከማሳበጥና ከማስመረር በቀር ይሄ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ተመራማሪዎች የሚሠራውን ብቻ ለይተው አውጥተው አርፕራዚኳንቴል አሉት። በኬንያና በኮትዲቯር ሕፃናት ላይ ተፈተነ። በታኅሣሥ 2023 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ደገፈው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ይሁንና ፕራዚኳንቴል ያልጎለመሰውን ትል በደንብ አይገድልም። የታከመ ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ቀንድ አውጣው እዚያው ነው። ለዚህ ነው የእንዶድ ጉዳይ ያልተዘጋው። ዶክተር ለገሰ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ዝርያዎችን አወዳድረው፣ ኃይለኛና ብዙ ፍሬ የሚሰጥ፣ ዓይነት 44 የተባለ እንዶድ መርጠዋል። ኮሶን የጣለው የልክ ችግር እዚህም እንዳይደገም መጀመሪያ ተመሳሳይ ዝርያ መትከል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የዱቄቱን ጉልበት በየምርቱ መለካትና ዓሳ በሌለበት ወይም ለይቶ መርጨት በሚቻልበት ውሃ ላይ መጠቀም ይመጣል። ሥራው ከዚህ ይቀጥላል፤ ዝርያው ተመርጧል፣ ምርመራውም ተሠርቷል።