አሥር ዶሮ ይበቃል፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የዶሮ አርቢ ጡረተኞች ማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ የክብር እንግዶች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው የሚቸገረው በደመወዙ ማነስ ብቻ ይመስለዋል። ከወር በኋላ ጠዋቱም ባዶ ይሆንበታል፤ ቢነሣም ቢተኛም የሚጠይቀው የለም። ዶሮ ያለው ግን 12 ሰዓት ላይ በር መክፈት፣ ውኃ መቀየር፣ መኖ መስጠት አለበት። ብርድ ነው፣ ጉልበቴን አሞኛል ቢላት አትሰማውም። ይህ ማኅበር የቆመው በዚህ ግዴታ ላይ ነው።

አዲስ አባል ሁሉ “በሃምሳ ልጀምር” ይላል። እባካችሁ በአሥር ጀምሩ። አሥር ጣይ ዶሮ በቀን ከ1.1 እስከ 1.2 ኪሎ መኖ ይበላሉ፤ 50 ኪሎው ጆንያ ስድስት ሳምንት ገደማ ያዘልቃል። በሃምሳ ዶሮ ያው ጆንያ በዘጠኝ ቀን ያልቃል፤ ኩሱን የሚጠርግ ወገብ ደግሞ ከየት ይመጣል? ጆንያውንም እንዳለ አትሸከሙት። ነጋዴው ደጅ ድረስ ያድርስ፤ እናንተ በጣሳ እየቀነሳችሁ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡ። የሻገተ መኖ ግን ለቁጠባ ተብሎ አይሰጥም፤ መርዝ ነው።

ቤቱን ለዶሮዋም ለእናንተም ዕድሜ ሥሩት። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ በሁለቱም ወገን በር ያለው ይሁን፤ እጅ ሳይጎነበሱ መሐል ድረስ ይደርሳል። በርዝመቱ የተጋደመ አንድ ቆጥ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያደርሳታል። ለመጣያ ሁለት ሳጥን ይበቃል፤ ክዳናቸው ከውጭ የሚከፈት ቢሆን እንቁላል መልቀም ለልጅ ልጅም ቀላል ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ብርዱን ፈርተን ዙሪያውን በቆርቆሮ መድፈናችን ነው። ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ያደረች ዶሮ ብርዱን ትችለዋለች፤ የታፈነ ቤት ግን ከኩሱ የሚወጣውን ጋዝ ይይዛል። ከፍታችሁ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠው እነርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጠቁጣቸው አድሯል ማለት ነው። የላይኛው ግማሽ በሽቦ ወንፊት ይሠራ። የረጠበ ጉዝጓዝ ያመጣውን ደም የቀላቀለ ተቅማጥም የምታውቁት ነው። አስም ያለባችሁ ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ቢቻል ሌላ ሰው ይጥረግላችሁ።

አሁን ፈንግል ወደሚባለው የዶሮ በሽታ ልምጣ፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስጨንቀን እሱ ነው። ፌጦውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አረቄውም፣ ከፋርማሲ የሚገዛው እንክብልም አያድነውም፤ ቫይረስ ነው። መፍትሔው ክትባቱ ነው፤ ቢሾፍቱም ይመረታል። ነገር ግን አንድ ብልቃጥ የሚዘጋጀው በሃምሳና በመቶ ዶሮ ልክ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። አሥር ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ቢገዛው አብዛኛውን ይደፋዋል። እኛን ከቤት አውጥቶ ያገናኘን ይኸው ብልቃጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በክትባት ቀን ብልቃጡ ከማቀዝቀዣ በበረዶ ሳጥን ይወጣል፤ በራሱ ማሟሚያ ፈሳሽ ይበጠበጣል። ዶሮዋ ብብት ሥር ትያዝና ራሷ ወደ ጎን ይዘንበል፤ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ይውደቅ፤ ዓይኗን እስክታርገበግብ አትለቀቅ። ቶሎ ከተለቀቀች ጠብታውን አራግፋ፣ ሳትከተብ “ተከትባለች” ተብላ ትመዘገባለች። የምታንጎላጅ ዶሮ አትከተብም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ይያዝ፣ ዓይኑ ደህና የሆነ ያንጠባጥብ፤ ጽሕፈቱን ለቀድሞ መምህራን እንተወው፤ ካልሰጠናቸውም አይለቁንም። ይህ በየሦስትና በየአራት ወሩ ይደገማል። ለበዓል ከገበያ የተገዛች ዶሮ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ሳትቆይ አትቀላቀል፤ ፈንግል ብዙ ጊዜ በእርሷ ነው የሚገባው።

“በጾም እንቁላሉን ምን እናድርገው?” ለሚለው ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አሥር ደህና ዶሮ እስከ አራት መቶ እንቁላል ይጥላሉ፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ አይቆይም። የሁለት ወር ቄብ በገና ሰሞን የገዛ ሰው እንቁላሉ የሚጀምርለት ወደ ፋሲካ ግድም ነው። ዶሮዎቹ እየጣሉ ጾሙ የደረሰበት ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቱንና ሕፃናት ያሉበትን ቤት አስቀድሞ ያነጋግር። ብዙ ወዳጅነት በዚህ ሰበብ ሲጀመር አይተናል።

ዕድሜዋ ዓመት ተኩል ያለፈ ዶሮ መጣሏ እየቀነሰ ይሄዳል። ስም ያወጣላት ሰው ማረድ ይከብደዋል፤ አያፍርበት። ሆኖም አሥሩ ላይ አሥር መጨመር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነውና፣ ቄብ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌዋ የት እንደምትሄድ ወስኑ።

ለዛሬው ጉባኤ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አለን። እያንዳንዱ አባል አንድ ጎረቤት አባል ተጠሪ ይኑረው፤ የመኖውን ልክና የቁልፉን ቦታ ያሳየው። ሰው ሐኪም ቤት ሲተኛ ዶሮዎቹ አይራቡም። ከዚያም በላይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ የዶሮዎቹ በር ካልተከፈተ ተጠሪው ሄዶ የባለቤቱን በር ያንኳኳ። ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት ስላሉን ይህን እንደ ቀላል አንየው። የተጠሪዎች ቅጽ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ከሻይ ዕረፍት በፊት ሞልታችሁ ለጸሐፊያችን አስረክቡ። አሁን መድረኩን ለሒሳብ ሹማችን እለቃለሁ፤ ስለ ክትባቱ መዋጮ ይነግሩናል።