ሁለት ባንዲራ ይዛ የሰመጠችው መርከብ

ዳዊት፦ ሄለን፣ ከትናንት ጀምሮ ስለዚህች መርከብ ነው የምታወሪኝ። በይ ንገሪን።

ሄለን፦ ዱጌ-ትሩዋን ትባላለች። የፈረንሳይ የጦር መርከብ ናት፣ በሸራ የምትሄድ፣ 74 መድፍ የተጠመደባት። ሮሽፎር ላይ ተሠርታ በ1800 ውሃ ገባች። በነገራችን ላይ ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳዊት፦ 74 መድፍ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት ነው?

ሄለን፦ ዋናዋ የጦር ሜዳ መርከብ ማለት ነው። መድፎቹ በሁለት ፎቅ ይደረደራሉ፣ ከ600 በላይ ሰው እላይዋ ላይ ይኖራል። ከባድ ናት፣ ግን ፈጣን ናት። በ1803 የአሁኗ ሀይቲ ላይ ባሪያ የነበሩት ሰዎች የፈረንሳይን ጦር ሲያሸንፉ እሷ እዚያው ነበረች፤ ወደቡን እንግሊዞች ከበውት ነበር፣ ሾልካ አመለጠች።

ዳዊት፦ ከዚያ ትራፋልጋር፣ እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከስፔን ጋር የተዋጋችበት የባሕር ውጊያ።

ሄለን፦ አዎ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1805። እኔን የሚይዘኝ እዚህ ጋ ነው። እሷ ያለችው ከፊት፣ በአድሚራል ዱማኗር ሥር ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን የመርከቦቹን መስመር መሃል ላይ ሰብሮ ሲገባ ከፊት ያሉት ዞረው መርዳት አለባቸው፣ ግን ነፋስ የለም። ሸራው ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። እና ምን አደረጉ፣ ጀልባ አወረዱ፣ ሰዎቹ እየቀዘፉ ያንን ሁሉ እንጨትና መድፍ በገመድ ጎትተው አዞሩት! እስኪዞሩ ጦርነቱ አለቀ።

ዳዊት፦ ሸሹ ተባሉ አይደል?

ሄለን፦ ተባሉ። ዱማኗር በኋላ ተከሶ ነጻ ወጥቷል። እኔም አልፈርድበትም፣ ነፋስ ከሌለ ምን ይደረጋል? ብቻ አራቱ መርከቦች አመለጡ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ። ኅዳር 4 ቀን ስፔን ጠረፍ፣ ኬፕ ኦርቴጋል አካባቢ፣ የእንግሊዙ ሪቻርድ ስትራካን ደረሰባቸውና አራቱንም ማረከ። የእሷ ካፒቴን ቱፌ እዚያው ተገደለ።

ዳዊት፦ ከዚያ እንግሊዛዊ ሆነች።

ሄለን፦ ስሟ ኢምፕላከብል ተባለ፣ ምሕረት የማታውቅ እንደማለት። በ1808 ባልቲክ ባሕር ላይ ሩስያን ወጋች። በ1855 የልጆች መርከበኞች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1908 ሊያፈርሷት ሲሉ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ አስቆሙ። አስበው፣ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ሁሉ አለፈች!

ዳዊት፦ ታዲያ እንዴት ጠፋች?

ሄለን፦ ገንዘብ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ባዶ ኪስ ናት፣ እንጨቱም በስብሷል። ለፈረንሳይ መልሰን እንስጥ አሉ፣ ፈረንሳይም አልቻለችም። ታኅሣሥ 2 ቀን 1949 ከፖርትስመዝ ጎትተው ወደ ባሕር ወሰዷት፣ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ባንዲራ ጎን ለጎን ሰቀሉላት፣ ፈንጂ ጠመዱባት። ፈነዳ። ሆዷ ተቀደደ፣ ሚዛኗን የሚጠብቀው ብረት ከነታችኛው ክፍሏ ወረደ፣ የላይኛው አካሏ ግን ቶሎ አልሰምጥም ብሎ ተንሳፎ ቆየ። ባንዲራዎቹ እንደተሰቀሉ።

ዳዊት፦ ኧረ ሄለን…

ሄለን፦ እኔ ይሄን ሳነብ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። 149 ዓመት የኖረችን መርከብ እንዲህ መሸኘት በጣም ያሳዝናል። ቁጭቱ በብዙ ሰው ቀረ፤ በ1979 የተቋቋመው ወርልድ ሺፕ ትረስት የተባለው ድርጅት መፈክሩ «ኢምፕላከብል፣ ዳግም አይደገምም» ነበር።

ዳዊት፦ ከእሷ የቀረ ነገር የለም?

ሄለን፦ አለ። ከማስመጣቸው በፊት የኋላ ፊቷን ነቅለውታል፣ ካፒቴኑ የሚያርፍበትን ክፍል መስኮቶች ከነቅርጻቸው። ግሪንዊች፣ የባሕር ሙዚየሙ ውስጥ አለ።

ዳዊት፦ ለንደን ያላችሁ አድማጮቻችን፣ መግቢያው ነጻ ነው። ሄዳችሁ እዩልን፣ ፎቶም ላኩልን።