ላሊበላን ከጉዞው በፊት ማየት፦ የቪአር ጉብኝት በአርክቴክቸር ትምህርት

የተከበራችሁ የአርክቴክቸርና የቅርስ ጥበቃ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ!

ቤተ ጊዮርጊስን በስላይድ ብቻ ያየ ተማሪ የሚያውቀው ጣሪያውን ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች። ሕንፃው ግን 12 ሜትር ገደማ በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው፤ የሚነበበውም ከታች ሆነው ቀና ሲሉ ነው። የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ተደርጎ ዙሪያውን የተቀረጸ ምስል የሚያሳየው የምናባዊ እውነታ መነጽር፣ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው አንገቱን ራሱ ያዞራል፣ የሚያየውንም ራሱ ይመርጣል።

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ዙሪያውን በሚያነሳው በ360 ዲግሪ ካሜራ ቀረጻው ላይ ነው። ካሜራው በትሪፖድ፣ በቆመ ሰው ዓይን ልክ፣ 1.60 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ተማሪው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል። ይዛችሁት አትራመዱ። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ተቀምጫለሁ» ይላል፤ የሚያቅለሸልሸው ይህ አለመጣጣም ነው። ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ደግሞ ሁለቱ ምስሎች የሚጋጠሙበት መስመር አለው፤ በቅርብ ያለ ነገር እዚያ ላይ ከዋለ ተቆርጦ ወይም ተጣሞ ይወጣል። ስለዚህ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ አንደኛውን ሌንስ ፊት ለፊት ወደ ግድግዳው አዙሩት።

ትልቁ ጉድለት ልኬት ነው። ተራው 360 ዲግሪ ምስል ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ስለሆነ የጥልቀት ስሜት አይሰጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየመቅረጫው ቦታ ባለ 2 ሜትር ቀይና ነጭ የቅየሳ ዘንግ ግድግዳው ሥር አቁሙ።

ፈቃድ ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ዛሬም ይቀደስበታል፤ መቅደሱም የጸሎቱም ሰዓት አይቀረጽም።

ለ40 ተማሪ 10 መነጽር ይበቃል፤ አራት ዙር፣ በዙር 12 ደቂቃ፣ በሚሽከረከር ወንበር ላይ። ተራ የሚጠብቁት ፕላንና ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) ያንብቡ። ፋይሉን ቀድማችሁ መነጽሮቹ ላይ ጫኑት፤ አሥሩም በአንድ ዋይፋይ ከጎተቱ ምስሉ ይቆማል። የፊት ስፖንጁን አልኮል በሌለው ፀረ-ባክቴሪያ መጥረጊያ፣ ሌንሱን ግን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አጽዱ፤ አልኮል የሌንሱን ሽፋን ያበላሸዋል።

«ዙሪያችሁን እዩ» ብሎ መልቀቅ ማስተማር አይደለም። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከሁለቱ የመስኮት ረድፎች የትኛው ነው ተቀርጾ ያልተከፈተው? የጣሪያው ዝናብ በየት ይወርዳል? ከዚያ መነጽሩን አውልቀው ሴክሽኑን በቃላቸው ይሳሉት። ከተለካው ሥዕል ጋር ሲያስተያዩት የሳቱት ቦታ በግልጽ ይታያል።

አደራ፣ መነጽሩ የጉዞ በጀት መቁረጫ ሰበብ እንዳይሆን። የተሸረሸረውን ድንጋይ ከጽኑው የሚለየው መዳፍ ነው። የቪአሩን ክፍለ ጊዜ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት አድርጉት፤ ተማሪው የሳተውን ሴክሽን ይዞ ይውረድና እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሞ ያርመው።

አመሰግናለሁ።