ማስታወቂያውን ጻፉት
ለተማሪዎች ህብረት ፕሬዚዳንትነት ከምትወዳደር ተማሪ የቀረበ የቅስቀሳ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድም እህቶቼ! እራት ስላልበላን አላስረዝምም። የካፌው ሰልፍ ማንንም አይጠብቅም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት እዚሁ ጎጃም፣ ሞጣ ነው። ስለዚህ ብርዱም ቋንቋውም አልከበደኝም። ከጅማ፣ ከሰመራ፣ ከጎዴ ተነስቶ በጨለማ መናኸሪያ ለሚወርድ ፍሬሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርድ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይወርዳል። ባጃጁ እጥፍ ይጠራበታል። እንዳይከራከር አማርኛው አይበቃውም።

ጎጃም ለሩቅ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ከጎንደርም ከወሎም ተማሪ ይመጣ ነበር። ውሻው ማሳደዱ ባይቀርም ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ደጅ ከቆመ ቁራሽ አያጣም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ ማየት የተሳነው ልጅም ከጓደኞቹ እኩል ይቀጽል ነበር። ጎበዝ ከሆነ መምህር ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ ግቢ እንምጣ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማየት የተሳነው የዲፓርትመንታችን ልጅ ፈተና ሊያመልጠው ነበር። የመፈተኛ ክፍሉ ተቀይሯል። ማስታወቂያው ቦርድ ላይ ተለጥፏል። ተወካያችንም ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። የልጁ ስልክ ጽሑፍ ሲያገኝ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ፎቶ ሲሆን ግን «ፎቶ» ይልና ዝም። እኛ አዲሱ ክፍል ገብተን ተቀምጠናል፣ እሱ የድሮው ክፍል በር ላይ ብቻውን ቆሟል። አንድ ጓደኛችን ሮጦ ባያመጣው ኖሮ አልቆለት ነበር።

ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም። ማስታወቂያውን መጻፍ ነው፣ በቃ። ከተመረጥኩ ከህብረቱ የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ በጽሑፍ ይለቀቃል። የክፍል ተወካዮችንም በዚሁ ጉዳይ አንለቃቸውም።

ገንዘብ የሚጠይቀው ሕንፃው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። የእኛ ሬጅስትራር ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። በምዝገባ ሳምንት ጓደኞቻችንን ተሸክመን ስንወጣ ታዩናላችሁ። ህብረቱ ሊፍት አይገዛም፣ አልዋሻችሁም። ግን በዚያ ሳምንት አንድ ጠረጴዛና አንድ ሠራተኛ ወደ ምድር ይውረዱ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ደግሞ መጨቅጨቅ ነው። በጭቅጭቅ አልታማም፣ የዶርም ልጆቼን ጠይቁ።

ላይብረሪያችን እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው ይባላል። ለሴቶች ግን የሚዘጋው ሲመሽ ነው። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ አምፖሎቹ ከተቃጠሉ ቆይተዋል። ወንዶች ይህን ሳታውቁት ልትመረቁ ትችላላችሁ፣ አልፈርድባችሁም። ከተመረጥኩ መጀመሪያ የማንኳኳው የጥገና ክፍሉን በር ነው።

የካፌውን ወጥ አወፍራለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም። የምግብ በጀት ህብረቱ ጋ አይወሰንም። ወጡን የሚያወፍር ተወዳዳሪ በየዓመቱ ይመጣል። ወጡ ያው ነው።

ፍሬሾች ሲገቡ ግን መናኸሪያ ላይ ሰው ይኖራል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛ፣ አገውኛ የሚናገሩ ልጆች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል። በየተራ ወጥተን እንቀበላቸዋለን። የባጃጁንም ዋጋ እኛ እንከራከርላቸዋለን።

ምርጫው ቅዳሜ ነው። ድምፅ ሲሰጥ እገዛ የሚፈልግ ተማሪ ረዳቱን ራሱ እንዲመርጥ ለአስመራጭ ኮሚቴው ጥያቄ አስገብተናል። መልሱን ነገ እንሰማለን፣ በጽሑፍም እንለቅላችኋለን።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፣ ሁሌ የፊተኞቹ ብቻ ናቸው የሚጠይቁት።