ባዶ እግሩን እንጂ ባዶ ሆዱን አልሮጠም

እንደምን አደራችሁ!

የተከበራችሁ የክለብ አመራሮች፣ የስፖርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ አሠልጣኞች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከንጋት ልምምድ በቀጥታ መጥታችሁ ኋላ ወንበር ላይ የተደረደራችሁ አትሌቶች። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ አልቀየማችሁም። 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ ስብሰባ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ገንዘብ እንድናገር ነው። እኛ አገር የስፖርት ስብሰባ ላይ ገንዘብ ሲነሳ ፊት ይኮሳተራል። «አትሌት የሚሮጠው ለባንዲራ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ለባንዲራ ነው። የቤት አከራይ ግን ባንዲራ አይቀበልም።

ከሮም ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ይቅርታ። በ1960 አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ባዶ እግሩን። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ታሪክ ስንሰማ አንድ ነገር አብሮ ይነገረናል፤ ሐበሻ ምንም ሳይኖረው ያሸንፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደሞዝ ነበረው። ስዊድናዊ አሠልጣኝ፣ ኦኒ ኒስካነን፣ ነበረው። ባዶ እግሩን ሮጠ እንጂ ባዶ ሆዱን አልሮጠም።

እስቲ የጀግኖቻችንን ስም ጥሩ። ሻምበል አበበ። ሻምበል ማሞ ወልዴ። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር፣ እሱ ከአየር ኃይል ነው። ኮሎኔል ደራርቱ። ሻለቃ ኃይሌ። ማዕረጉ ለክብር ብቻ የተለጠፈ አይምሰላችሁ። እኔ እንደ ደሞዝ ወረቀት ነው የማነበው። መንግሥት አትሌቱን ሲደግፍ የኖረው በጦሩ፣ በፖሊሱና በማረሚያ ቤቱ በኩል ነው። መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ብለን የምንጠራቸው ክለቦች የዚያ ውጤት ናቸው። ኋላ መብራት ኃይልና ንግድ ባንክ ተጨመሩ። ይህ የኋላ ቀር አገር አሠራር እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን እስከ ዛሬ የምትሠራው እንዲሁ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 የ100 ሜትር ወርቅ የወሰደው ማርሴል ጃኮብስ የፖሊስ ክለብ አትሌት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ላኩት። ያኔ የሚያመጣው ሜዳሊያ አልነበረም። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ። እኔን ከየትኛውም የውጤት ሰንጠረዥ ላይ አታገኙኝም። የ5 ሺህ ሯጭ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ፣ ችግሩ ጎበዝ በሞላበት አገር መወለዴ ነው። ስሙን የማልጠራው ክለብ ነበረኝ። ደሞዝ ሲገባ ግማሹ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ከቀረው ለእናቴ እልካለሁ። የተረፈው ምግቤ ነው። «የላብ መተኪያ» የሚባል ክፍያ አለ፣ ታውቁታላችሁ። ስሙ እንዴት ያምራል! በኛ ጊዜ ግን የሚመጣው ላቡ ከደረቀ ከሁለት ወር በኋላ ነበር።

ማሳጅ የሚያደርገኝ አብሮ አደጌ ነበር። በዘይት። የምግብ ዘይት ነው የምላችሁ። ከዚያ የተረከዝ ጅማቴ ተጎዳ። ሦስት ወር ተኛሁ። በአራተኛው ወር ውሌ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት መስመር ነው። ምናልባት ባልጎዳም ኖሮ ብሔራዊ ቡድን አልደርስም ነበር። እሱን አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ጅማቱ የመዳን ዕድል አለው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

እስቲ ወደ ትልልቆቹ እንሂድ። በሪዮ ኦሊምፒክ 8 ሜዳሊያ አገኘን። አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትርን በ29:17.45 ስትገባ ዓለም አፉን ይዞ ቀረ። በቶኪዮ ሜዳሊያው 4 ሆነ። በፓሪስም 4። በሦስቱም አንድ አንድ ወርቅ። ከየኦሊምፒኩ በኋላ ጭቅጭቅ አለ፣ ግምገማ አለ፣ ለባለ ሜዳሊያዎቹ ሽልማት አለ። ቦሌ ላይ አበባ አለ። አበባውን አልቃወምም፣ ይገባቸዋል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

የፓሪሱን 10 ሺህ ሜትር አስታውሱ። በሪሁ አረጋዊ 26:43.44 ገብቶ ብር ወሰደ። አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26:43.46 ገብቶ ነሐስ። በመካከላቸው ያለው የሰከንድ 2 መቶኛ ነው። ዓይን ብትርገበግቡ ያልፋችኋል። ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ ከበሪሁ ኋላ ብዙም ሳይርቁ 6ኛና 7ኛ ሆነው ገቡ። ክፍያችሁን በሜዳሊያ ብቻ ከለካችሁት አንዱ ጀግና ነው፣ ሁለቱ ምንም ናቸው። የስፖርቱ የበላይ አካል ዓለም አትሌቲክስም ቢሆን በፓሪስ 50 ሺህ ዶላር የሰጠው ለወርቅ ብቻ ነው። የጽጌ ዱጉማ የ800 ሜትር ብርና የትዕግሥት አሰፋ የማራቶን ብር ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አላገኙም። ትዕግሥት በ3 ሰከንድ ነው የተቀደመችው፤ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ!

ወርቁንስ ማን አመጣው? ተጠባባቂው። በወንዶች ማራቶን ሲሳይ ለማ ተጎዳ፣ ታምራት ቶላ በቦታው ገባ፣ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ መጣ። ተጠባባቂ የነበረው ሰው ውድድሩ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ተጠርቶ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። እንዴት? ታምራት የዓለም ሻምፒዮን ነበር፣ ኒው ዮርክንም አሸንፏል። የጎዳና ሩጫ ገንዘብ አለው፣ ማናጀር አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የ3 ሺህ መሰናክል ተጠባባቂው ማን ነው? የ800 ሜትሯስ? የእርምጃ ውድድሩስ? በርሊን ወይም ዱባይ ማራቶን ሄደው ገንዘብ አያመጡም። ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?

እዚያው ፓሪስ ላይ ለሜቻ ግርማ በመሰናክሉ ፍጻሜ ወድቆ በቃሬዛ ወጣ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው፣ ሰው አገኘ። የክለብ ልጅ ሰንዳፋ ላይ ቢወድቅ ግን የእኔ ዓይነት ደብዳቤ ነው የሚጠብቀው።

ከዚያ ደግሞ በባህሬን ማልያ የሚሮጥ ልጃችንን በቴሌቪዥን ስናይ «ከዳን» እንላለን። ሁሉም ለገንዘብ ሄደ አልልም። ግን ወር በወር የሚከፍልህ አንድ አገር ብቻ ሲሆን ምርጫው ምርጫ አይባልም።

እንግሊዝን ተመልከቱ። በ1996 አትላንታ ላይ ያገኙት አንድ ወርቅ ብቻ ነበር። 36ኛ ወጡ። አፈሩ። ከ1997 ጀምሮ የብሔራዊ ሎተሪውን ገንዘብ ወደ አትሌቶቻቸው አዞሩ። የተወሰነው በቀጥታ ለአትሌቱ ኑሮ ነው የሚከፈለው። ሲድኒ ላይ 11 ወርቅ፣ ቤጂንግ 19፣ ለንደን 29። እነሱም የሚወቀሱበት ጉድ አላቸው፤ ሜዳሊያ አያመጣም ያሉትን ስፖርት ያለ ርኅራኄ ቆርጠዋል። ያንን አንቅዳ። የምንቀዳው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ ከሜዳሊያው ይቀድማል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ሚኒማ፣ ማለትም ለኦሊምፒክ የሚያበቃውን ሰዓት፣ ያሟላውን ወይም ሊያሟላ ጥቂት የቀረውን በስም እንያዝ። ሺህ ሰው አልልም፣ መቶም ላይሞላ ይችላል። 12 ወር ሙሉ፣ በራሱ የባንክ ደብተር፣ ወሩ ሲጠባ ይግባለት። በክለብ በኩል አይዙር። ክለቦች እዚህ ስላላችሁ ነው ፊት ለፊት የምናገረው፤ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ውድድር ሲደርስ ሆቴል አስገብቶ ለሁለት ወር ሥጋ መቀለብ አጥንት አይሠራም። ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ በውድድር ሰሞን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ይኑር።

የተጎዳ አትሌት ቢያንስ አንድ ዓመት ክፍያው አይቋረጥበት። የወለደችም እንዲሁ። በዚህ ላይ የሚያንገራግር ካለ ደራርቱን ያስታውስ። በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። «አለቀላት» ብለን ጥለናት ቢሆን ኖሮ ያቺ ቀን አትኖርም ነበር። አበበን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

አውቃለሁ፣ ተቃውሞ አለ። «አገሪቱ ሆስፒታል ይጎድላታል፣ አንተ ሆቴል ላለው አትሌት ገንዘብ ስጡ ትላለህ» ትሉኛላችሁ። አልልም! የራሱ ገቢ ያለው ከዝርዝሩ ይውጣ። ቀነኒሳ ሱሉልታ ላይ በራሱ ገንዘብ የመሮጫ መም ሠርቷል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ አትሌቱ መም ፍለጋ ሲንከራተት ያየ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። ከዚያም አልፌ ልናገር፤ አትሌቶች አትቆጡኝ። በዚህ ድጋፍ ያደገ ልጅ ነገ ትልቅ ገንዘብ ሲያገኝ ትንሽ መቶኛ ወደዚያው ቋት ይመልስ። አበረታች ቅመም የተገኘበት ደግሞ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ። የተራበ ልጅ ኪኒን ይዞ ለሚመጣ ሰው ጆሮ እንደሚሰጥ ግን አትርሱ።

እኔ አሁን ታዳጊ ፕሮጀክት ነው የማሠለጥነው። 800 ሜትር የምትሮጥ የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ። ስፓይክ ጫማዋ የሷ ብቻ አይደለም። 1500 ከምትሮጠው ጓደኛዋ ጋር ይጋራሉ፣ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ። ሁለቱ ውድድር በአንድ ቀን ሲውል አንደኛዋ ገብታ ሳታርፍ፣ መሙ ዳር ቁጭ ብላ እያለከለከች ጫማውን ታወልቃለች። ሌላዋ ካልሲዋን አድርጋ ትጠብቃለች። ባለፈው ዳኛው «የሚቀጥለው ምድብ ይቅረብ» ሲል ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ይጀምራል። ሎስ አንጀለስ በ2028 ነው። የሁለቱን ልጆች ስም ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ዝርዝሩን ማን እንደሚይዝ የሚነግረኝ ሰው ካለ፣ በሻይ ሰዓት በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።