በረኪናው፣ አሲዱና የእማ የዒድ ጽዳት

ዳዊት፦ እንዴት ናችሁ፣ ከድሬ ነን። ዛሬ ስለ አረንጓዴ ኬሚስትሪ ነው የምናወራው፤ ትምህርት ቤቱም ሚዲያውም እንዴት ለሕዝቡ ያድርሱት የሚለውን። ሀያት፣ ከትርጉሙ እንጀምር?

ሀያት፦ ትርጉሙ ይቆይ አቦ። መጀመሪያ የእማን ልንገርህ።

ዳዊት፦ እሺ በይ።

ሀያት፦ የዒድ ዋዜማ ነው። እማ ቤቱን ስታጸዳ ውላ ሽንት ቤቱ ጋ ደረሰች። የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ኖራ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል፣ ሳሙና እንደ ልብ አረፋ አይሰጥም። ሽንት ቤቱም ያንኑ ቅርፊት ይዟል። በረኪና ደፋችበት። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ እድፍ ያነጣል፣ ኖራ ግን አያሟሟም። አልለቅ ሲላት ከሰፈር ሱቅ በሃይላንድ የተገዛውን አሲድ ጨመረችበት። በሩ ዝግ ነው!

ዳዊት፦ ኧረ በስመአብ!

ሀያት፦ ሳሏን የሰማሁት ከሳሎን ነው። ስገባ ዓይኗ እንባ በእንባ ሆኗል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጎትቼ በረንዳ አወጣኋት። ጎረቤቱ ሁሉ "ወተት! ወተት አምጡ!" ይላል።

ዳዊት፦ እኛም ቤት ወተት ነው የሚሰጠው።

ሀያት፦ ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው ዴቭ፣ ጋዙ ያለው ሳንባ ውስጥ። ቶሎ ወደ ንጹህ አየር፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። አልሐምዱሊላህ፣ ማታውኑ ተሻላት። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያቺን ሪአክሽን ክፍል ውስጥ ጽፌያታለሁ! ሶዲየም ሃይፖክሎራይትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ፈተና ላይ መጥታ አግኝቻታለሁ። ሃይፖክሎራይት ማለት ቤታችን ያለው በረኪና ነው ብሎ የነገረኝ ግን የለም። ክሎሪን እኮ በፈረንጆቹ 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የፈጁበት ጋዝ ነው። እማ እሱን ሽንት ቤታችን ውስጥ ሠራችው።

ዳዊት፦ ታዲያ በረኪና ይጥፋ ነው የምትይው? ኮሌራ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው? ውሃ የምናክምበት ውሃ አጋር ራሱ እኮ ያው ሃይፖክሎራይት ነው።

ሀያት፦ ይጥፋ አላልኩም። አሲዱን ነው የምልህ። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ሃይላንዱ ላይ የተለጠፈው የውሃ ምልክት ነው! ልጅ ቢጠጣውስ?

ዳዊት፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ባለሱቁስ ምን ያድርግ፣ እሱም እንደዚያው ነው የሚረከበው።

ሀያት፦ ስሙን ይጻፍበታ! እስክርቢቶ ስንት ነው?

ዳዊት፦ እሺ፣ በባለሱቁ ጉዳይ ገና አልተስማማንም። ርዕሳችን ግን አረንጓዴ ኬሚስትሪ ነበር።

ሀያት፦ ይሄው ነው እኮ! አረንጓዴ ኬሚስትሪ ማለት ከመነሻው ሰውንም ተፈጥሮንም እንዳይጎዳ ተደርጎ የሚሠራ ኬሚስትሪ ነው። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የሚባሉ አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1998 ለሱ 12 መርሆዎች አስቀመጡ። የመጀመሪያው፣ ቆሻሻውን ኋላ ከማጽዳት ከነጭራሹ አለመፍጠር ይሻላል የሚል ነው።

ዳዊት፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሀያት፦ በቃ እሱ ነው! ልጆች በዚህ ቢማሩት ማን ይረሳዋል? የማንቆርቆሪያውን ድንጋይ አቼቶ ወይም ሎሚ ያሟሟዋል፤ ትንሽ ውሃ ጨምረህ አሙቀው፣ አሳድረው፣ በደንብ አለቅልቀው። የኬሚስትሪ ክፍሉ እዚያ ማንቆርቆሪያ ላይ ይጀምር። ግን አደራ፣ አቼቶም ሎሚም ከበረኪና ጋር አይቀላቀሉም። እነሱም አሲድ ናቸው፣ ክሎሪን ያወጣሉ። ይሄን ደግሜ ነው የምለው፤ በረኪናን ከውሃ ውጪ ከምንም ጋር አትቀላቅሉ።

ዳዊት፦ እኔ ከሎሚ ጋር እቀላቅል ነበር፣ ወላሂ።

ሀያት፦ ከዛሬ ጀምሮ ተው! ሌላው መርህ ደግሞ፣ ኬሚካሉ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ተፈጥሮ ውስጥ ፈርሶ ይጥፋ ይላል። ለዚህ ሩቅ አንሄድም፣ እንዶድ አለን።

ዳዊት፦ አያቴ ነጠላዋን በሱ ነበር የምታጥበው!

ሀያት፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ያየው ያንን ነው። ሴቶቹ ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፣ ከእነሱ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ እኮ ነው። እንዶዱ ደግሞ ውሃው ውስጥ በቀናት ይፈርሳል። በፈረንጆቹ 1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። ለኔ የሚገርመኝ መነሻው ነው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አይቶ ነው የጀመረው።

ዳዊት፦ ይሄን ትምህርት ቤት አልነገሩንም።

ሀያት፦ እኔንም። ስለዚህ በሬዲዮ ይነገር፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም። ከዚራም ላለ መጋላም ላለ ይድረስ።

ዳዊት፦ ሚኒ ሚዲያም አለ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ።

ሀያት፦ አዎ! ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እማ አሁን አሲዱን ከበረኪናው ለይታ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስራ፣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች። ጎረቤቶቿም ክር ሊጠይቋት መጥተዋል።

ዳዊት፦ እኔም ማታ ቤት ስገባ ሃይላንዶቹን አሸታለሁ።

ሀያት፦ አታሽት አቦ! እናትህን ጠይቃት።