ዳይት ላይ ሆኖ ቢሮ መዋል

[ስክሪኑ ላይ፦ አንድ ብርጭቆ ሚልክሼክ፣ አጠገቡ ሦስት ሳህን አይስክሬም]

እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ኸርማንና ዴቦራ ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ሠሩ። ተማሪዎችን ጠርተው ለአንዳንዶቹ ሚልክሼክ አጠጧቸው፤ ለሌሎቹ ምንም አልሰጡም። ከዚያ ለሁሉም አይስክሬም አቀረቡና "ቅመሱና ጣዕሙን ንገሩን" አሏቸው። ሊያውቁ የፈለጉት ግን ማን ምን ያህል እንደሚበላ ነበር።

ስለሚበሉት ነገር ብዙም የማይጨነቁት ያው የሚጠበቀውን አደረጉ። ሚልክሼክ ከጠጡ አይስክሬሙን ቀነስ አደረጉ። ዘወትር ራሳቸውን ከምግብ የሚቆጥቡት ግን ተገላቢጦሽ ሆኑ። ሚልክሼክ የጠጡት፣ ካልጠጡት ይበልጥ አይስክሬም በሉ።

ምን ነካቸው? "አንዴ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ" አሉ።

[ስክሪኑ ላይ፦ የቢሮ ጠረጴዛ፣ የተቆረጠ ኬክ]

ቢሮ ውስጥ ዳይት የሚፈርሰውም እዚችው ላይ ነው። መጠነኛ ቁራሽ ኬክ ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ሊኖረው ይችላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አንዲት ቁራሽ ማንንም አታወፍርም። ጉዳት የሚያመጣው "ዛሬስ አለቀልኝ፣ ከሰኞ እጀምራለሁ" ከተባለ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛዋ ቁራሽ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ብስኩት፣ ማታ ያለ ልክ የሚበላው እራት።

ስለዚህ ከበላችሁ፣ በላችሁ። በደንብ አጣጥሟትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። እራታችሁን እንደ ወትሮው ብሉ። "ለማካካስ" ብላችሁ እራት አትዝለሉ። አለዚያ ነገ በባዶ ሆዳችሁ ቢሮ ትገቡና የተረፈው ኬክ እዚያው ይጠብቃችኋል።

[ስክሪኑ ላይ፦ የግድግዳ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት]

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን የጥንካሬ ጉዳይ ያደርገዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ደክሞት፣ ሥራ ተደራርቦበት፣ ኬክ ፊቱ ተቀምጦ "ጠንከር በል" ማለት ምን ይጠቅመዋል? አስር ሰዓት ላይ የሚሆነው ነገር የሚወሰነው አስቀድሞ ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ማታ፣ አልጋ ላይ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። 10 ሰዓት ከቆዩበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በ28 በመቶ ጨመረ። የጥጋብን መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን ደግሞ በ18 በመቶ ቀነሰ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጣፋጭ ሲያምረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሰውነቱ ነው "አምጣ" የሚለው።

ቁርስና ምሳም እንደዚሁ። ዳይት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ምሳውን ከልክ በላይ ያሳንሳል። ጠዋት ይኮራበታል፣ ከሰዓት በኋላ ይከፍለዋል። ምሳችሁ ላይ ፕሮቲን ይኑር፦ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አሳ ወይም ሥጋ። አትክልትም ጨምሩበት። እነዚህ ሆድ ውስጥ ስለሚቆዩ መክሰስ ሰዓት ድረስ ያደርሷችኋል። መክሰሱንም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍራፍሬ ወይም አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን የምግብ ሰዓትና መጠን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የተከፈተ የብስኩት ፓኬት]

ይህችን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንያት። ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ማውሱን ይለቅና ወደ ፓኬቱ ይሄዳል። አንዷን ያወጣል፣ ይመለሳል። ኢሜይሉ እየተጻፈ ነው። እጁ እንደገና ይሄዳል። አፍ ያኝካል፣ ጭንቅላት ግን የሚያስበው ስለ ኢሜይሉ ነው። በመጨረሻ ጣት የፓኬቱን ታች ሲነካ፣ ያኔ ገና ሰውየው ቀና ይላል። ኪቦርዱ ላይ ፍርፋሪ አለ፤ ብስኩቱ ግን ምን ምን እንዳለ እንኳ አያስታውስም።

እንዲህ ሐሳብ ተከፍሎ የተበላ ነገር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በዚያው ሰዓት ብዙ ያስበላል። በኋላም፣ መብላታችንን በደንብ ስለማናስታውሰው፣ ቀጣዩን ምግብ ያስጨምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምግብ ኪቦርድ አጠገብ አይቀመጥ። መብላት ካማራችሁ ተነሱ፣ ሌላ ቦታ ተቀመጡ፣ ብሉ፣ ጨርሱ። የጋራው ብስኩትም ከስብሰባ ጠረጴዛ መሃል ተነስቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ተነስቶ መክፈት የሚጠይቅ ነገር እጅ ሳያስብ አይበላም።

አምሮት ሲጠናባችሁ ደግሞ ተራመዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቸኮሌት የሚያዘወትሩ ሰዎችን እንደ ቢሮ በተዘጋጀ ክፍል ሥራ ሰጧቸው። ጠረጴዛው ላይ ቸኮሌት ነበር። ቀደም ብለው 15 ደቂቃ ፈጠን ፈጠን ብለው የተራመዱት፣ አርፈው ከተቀመጡት ጋር ሲነጻጸር የበሉት በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። ደረጃም ቢሆን፣ ግቢ መዞርም ቢሆን ያው ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሳህን የያዘ እጅ ወደ አንድ ሠራተኛ ሲዘረጋ]

ከሁሉም የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ረሃብ የለም፣ አምሮትም የለም፤ ባልደረባ ግን በገዛ እጇ ጋግራ አምጥታለች። "ትንሽ ብቻ፣ ለእኔ ስትል!"

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያጠናው አንድ ዘዴ እዚህ ይረዳል። "እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። "የልደት ኬክ ካቀረቡልኝ፣ 'አመሰግናለሁ፣ አሁን በቃኝ' እላለሁ፣ ቀጥዬም ስለ ልደቱ እጠይቃለሁ።" ቃሉ አፋችሁ ላይ ካለ ሰዓቱ ሲደርስ አትደናገጡም። ምክንያት አትደርድሩ። "ዳይት ላይ ነኝ" ካላችሁ ክርክር ይከፈታል፤ "የት አለህና ነው የምትቀንሰው?" ይመጣል።

ለምታቀርቡትም አንድ ነገር ልለምን። ያመጣችሁት ከፍቅር ነው፣ ይታወቃል። ግን ሳህን ይዛችሁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አትዙሩ። ምሳ መብያው ክፍል አስቀምጡት፣ አጠገቡ ቢላ አድርጉ፣ የፈለገ የሚበቃውን ይቁረጥ። አንድ ሰው "በቃኝ" ካለ ደግሞ ሁለተኛ አትጠይቁት።